ውጤቱ የማን ነው?

ክፉ ወሬ በእኛ ዘንድ ወግ አለው። ሰዓት ይመረጥለታል፣ ተናጋሪ ይመረጥለታል፣ ሰሚው እህል መቅመሱ ይረጋገጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ካወቀ በኋላ ባለጉዳዩ በመጨረሻ ይሰማል። ሐኪም ቤት ስንሄድም ይህንኑ ወግ ይዘን ነው። በሽተኛው ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ውጤቱን ለመስማት ወደ ውስጥ የሚገባው አስታማሚው ነው። ሲወጣ «ምን አሉ?» ይባላል። «ምንም አይደል፣ ብርድ ነው» ይላል። እርስዎም አንድ ቀን ሳይሉ አልቀሩም።

ዶክተር ሌንሴ ይህን ነገር አምርራ ትጠላው ነበር። ሌንሴ፣ ሱሉልታ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የኦቦ ደበላ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የራጅና የሲቲ ስካን ምስል የሚያነብ ሐኪም ለመሆን ስፔሻላይዝ ታደርጋለች። ማለዳ ማለዳ በአንድ ሚኒባስ እንጦጦን ስንሻገር የምታወራኝ ስለ አመራርና ስለ ዲጂታል ጤና ብቻ ነው። ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ እንደገና ስብሰባ። ከብዙ ክርክር በኋላ የምትማርበት ሆስፒታል ሐሳቧን ተቀበለ። ከሰበታ ይምጣ ከቡራዩ፣ በሽተኛው ውጤቱን ስልኩ ላይ በሚላክ መልእክት ያገኛል፤ በቀጠሮው ካልቀረበም መልእክት ደግሞ ይላክለታል። «ውጤቱ የበሽተኛው ነው፤ የማንም አይደለም!» ትላለች፣ ሾፌሩ ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ። ልክ ነበረች። አሁንም ልክ ናት።

ከዚያ ኦቦ ደበላን ሳል ያዛቸው። አልለቅ ሲላቸው ሌንሴ ራሷ ይዛቸው ሄዳ ደረታቸውን ሲቲ ስካን አስነሳች።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ኦቦ ደበላ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አካም ቡልተ?» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ ትንሿን ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ፊደሉ ደቃቃ ነው። እስቲ አንብብልኝ።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። በቀኝ ሳንባዎ ላይ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው እብጠት ታይቷል፤ በአስቸኳይ ይቅረቡ ይላል። ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሜዳ አዩ።

«ያ ክፉው በሽታ ነው?»

«ገና አልታወቀም። ናሙና ወስደው ነው የሚያውቁት።»

«እንግዲያው ለሌንሴ እንዳትነግራት። ትልቁ ፈተናዋ ደርሷል። እሱ ይለፍና እሄዳለሁ። አደራ።»

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስንመለስ ሌንሴ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ስታይ መጣች። ሱሉልታ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ግን ቆመች።

«ጋሼ፣ የአባዬን ምስል አየሁት። ሳንባው ላይ እብጠት አለ። መልእክቱ እንዳይላክበት ኮምፒውተር ክፍል ደውዬ አስቁሜዋለሁ። አደራዎን እንዳይነግሩት። ቀስ ብዬ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጌ እወስደዋለሁ።»

«የማንም አይደለም» ያለችው ልጅ እኮ ናት! መልእክቱ ጠዋት ቀድሟት መግባቱን ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዓይኗን አየሁና ዋጥኩት። አሳዘነችኝ። እኔም ሁለት አደራ ተሸክሜ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ይገምቱታል። ልጅ «አባዬ፣ ለዚያ ሳልህ አንድ ምርመራ ብጤ ቀርቶናል» ትላለች፤ አባት «ፈተናሽ ይለፍ» ይላሉ። አስቸኳይ ነው እንዳትል እሳቸው ይደነግጣሉ፤ አውቄዋለሁ እንዳይሉ እሷ ትደነግጣለች። እኔ መሃል ቆሜ ስለ አየሩ አወራለሁ። እብጠቱ ግን የማንንም ፈተና አይጠብቅም፤ ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ እሑድ ሦስታችንም ግቢ ውስጥ ድርቆሽ ስንከምር የኦቦ ደበላ ስልክ ጮኸ። እንደለመዱት ወደ እኔ ዘረጉት። የመጀመሪያውን መስመር አየሁና ከየት እንደመጣ ገባኝ።

«መነጽሬን ረስቼዋለሁ» አልኩ። «ሌንሴ ታንብበው።»

መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ሌንሴ ድምፅዋን አሰምታ ማንበብ ጀመረች። «ከዚህ ቀደም በተላከልዎ ውጤት መሠረት ለናሙና ምርመራ አልቀረቡም...» አልጨረሰችውም።

«ተልኮ ነበር? አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«አንቺስ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

ሌንሴ ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባትየው ከፀጉሯ ላይ ድርቆሽ እየለቀሙ «ፈተናሽን ብዬ እኮ ነው» ይሉ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ሄድን። መዝጋቢዋ ውጤቱ በየትኛው ስልክ ይላክ ብላ ስትጠይቅ ኦቦ ደበላ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «በዚህ ሰው ይሁን። ለሁለታችንም ያነብልናል» አሉ። ሌንሴን አየኋት፤ ትቃወማለች ብዬ። ቁጥሬን ራሷ ነገረቻት።

ናሙናው ከተወሰደ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እየተጣደፍኩ አያለሁ። አንዴ ባንክ ነው፣ አንዴ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣው ውስጥ ገብተዋል» የሚል ነው። ዛሬ ጠዋት ግን የሆስፒታሉ መልእክት ገባ። አልከፈትኩትም። ሁለቱንም ጠርቼ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

ኦቦ ደበላ የልጃቸውን እጅ ይዘው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬስ መነጽርህን አልረሳህም?» አሉኝ።