የቦኖ ውሃችን መሠረት ድንጋይ

እውነትን የሚጠላ መንግሥት አለ ሲሏችሁ አትመኑ። እኔ በዕድሜዬ አንድም አላየሁም። መንግሥታት ሁሉ እውነትን ይወዷታል፤ ችግሯ ሁልጊዜ በማይመች ቀን መምጣቷ ነው። በቀደም ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ሲያወራ ሰማሁ። በአንድ ሩቅ አገር ሸንጎ፣ በአያት በቅድመ አያት ዘመን በአንድ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት “እልቂት ብለን እንጥራው ወይስ አንጥራው?” የሚል ክርክር ተይዟል። የገዳዮቹ የልጅ ልጆች ዛሬ ወዳጅ መንግሥት ሆነዋልና ነገሩ ከብዷል። አንድ ሚኒስትር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሐዘኑን እንጋራለን፤ ነገር ግን ጊዜው አይደለም” አሉ። ሾፌሩ “ኤዲያ!” ብሎ ወደ ኳሱ ጣቢያ ቀየረው። እኔ ግን ሰውየው አሳዘኑኝ። ከልቤ ነው የምላችሁ። እኔም እኮ ለሁለት ወር ያህል ሚኒስትር ነበርኩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። የእድራችን።

ላስረዳችሁ። አቃቂ በሰቃ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝና ሰው ሲሞት ማሳወቅ ነው፤ ሁለቱም ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ሰፈራችን ደግሞ ውሃ የለውም። ልብ በሉ፤ ከእግራችን ሥር የተቀዳው ውሃ በትልልቅ ቧንቧ ሽቅብ ወደ ከተማው ሲሄድ እኛ ቢጫ ጀሪካን ይዘን እንሸኘዋለን። “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ብሎ የተረተው ሰው አቃቂን ቢያይ ኖሮ ዓባይን በተወው ነበር።

እናም አንድ ኤምባሲ ጉድጓድ ቆፍሮ ቦኖ ሊተክልልን ፈቀደ። የየትኛው አገር እንደሆነ አልናገርም። ፈርቼ አይደለም፤ ለሁለት ወር ስሙን ስዘል ከርሜ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ብቻ በአያቶቻችን ዘመን ሳይጠሩ መጥተው አምስት ዓመት የከረሙት ናቸው። ሽማግሌዎቻችን ያን ዘመን “ጠላት ጊዜ” ይሉታል።

ባለሙያዎቹ መጥተው መሬቱን መረመሩ። ውሃው ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ከእድሩ ቤት ጀርባ ካለችው ሜዳ ሥር ተገኘ። በዚያች ሜዳ ላይ በጠላት ጊዜ ሰባት ሰዎች በጥይት ተደብድበው እዚያው ጥጓ ላይ ተቀብረዋል። ከሰባቱ አንዱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ የእማማ የሺ አባት። እማማ የሺ ያኔ በእናታቸው ሆድ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ወደ ዘጠናው ተጠግተዋል፤ ከሟቾቹ ወገን ሰፈር ውስጥ የቀሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው። በእድራችን ደንብ መቃብር ባለበት ሜዳ የሟች ቤተሰብ ሳይፈቅድ ዶማ አይነሳም።

እማማ የሺን ጠየቅናቸው። አላስቸገሩንም።

“ውሃ ማን ይጠላል? ይስጡን። ግን በፊት መጥተው ‘የገደልናቸው እኛ ነን’ ይበሉ። ካሣ አልል፣ ሐውልት አልል። ይቺን ብቻ።”

ይቺን ብቻ! እኔና የእድሩ ዳኛ አቶ ግርማ በቀና ልቦና ይቺኑ ጽፈን ለኤምባሲው ላክን። መልሱ እጅግ የታረመ ነበር። ያለፈውን ለታሪክ ምሁራን ትተን ስለ ነገ ብንነጋገር ምን ይመስላችኋል፣ ይላል። ከግርጌው፣ የቃላቱ ጉዳይ ካልተስተካከለ ቦኖው ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር እንደሚችል በትሕትና ተጠቅሷል።

“አለስልሰው” አሉኝ አቶ ግርማ።

አለሰለስኩት። በመጀመሪያው ደብዳቤ “በወታደሮቻችሁ የተገደሉ” ይል ነበር። በሁለተኛው ወታደሮቹ ወጡ። በሦስተኛው ግድያው ወጣና “በወቅቱ በነበረው ሁኔታ ሕይወታቸው ያለፈ” ተባለ። በአራተኛው ሟቾቹ ራሳቸው ወጡ፤ “የአካባቢው ታሪክ” የሚል ብቻ ቀረ። ሰባት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩ። ጽሕፈቱማ እንዴት እንዳማረ!

አትፍረዱብን ግን። የአቶ ግርማ ምራት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሃያ ሊትር ተሸክማ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ወድቃለች። ልጁ አልተረፈም። አቶ ግርማ ስለዚያ አያወሩም፤ ስብሰባ ላይ ሰው “የአባቶቻችን ደም” ሲል ግን ከወንበራቸው ይነሳሉ። “የሞተ ሰው ውሃ አይጠማውም!” ይላሉ። ምን ትመልሱላቸዋላችሁ? ለዚህ ነው ያን የሬዲዮ ሚኒስትር እንደ ሾፌሩ “ኤዲያ” ለማለት አፌ ያልታዘዘልኝ።

አራተኛው ደብዳቤ ተወደደ። ምክትል አምባሳደሩ ራሳቸው መጥተው የመሠረት ድንጋይ እንዲያኖሩ ተቆረጠ። የቀረው የእማማ የሺ ፈቃድ ነው። ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

“እማማ፣ ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው ሊመጡ ነው” አልኳቸው።

“ይናገራል?”

“መምጣታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው።”

ይህን መልስ ስሰጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቴ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። አልዋሸሁም። እውነቱንም አልተናገርኩም። እማማ የሺ ሰፌዱን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝና “እንግዲያ ይምጣ” አሉ።

በቀኑ ዋዜማ ዘነበ። የአቃቂን ዋልካ የማታውቁ ታድላችኋል፤ ጥቁር አፈራችን ሲርስ እንግዳ አይለይም፣ መኪናም ሰውም ይይዛል። የኤምባሲው መኪና አስፋልቱ ዳር ቀረና እንግዶቹ በእግር ወረዱ። የተጠረበውን ድንጋይ አንድ የቀን ሠራተኛ ተሸክሞት ነበር። ፎቶ አንሺው ነው ነገሩን ያመጣው፤ “አንዴ ክቡርነታቸው ቢይዙት፣ ለፎቶ” አለ። ምክትል አምባሳደሩ ደግ ሰው ናቸው፣ ሐሰት አይባልም። ድንጋዩን ተቀብለው ጫንቃቸው ላይ አደረጉት። ከበዳቸው፤ ጎበጡ። ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ዋልካው አንዱን ጫማ ዋጠው። ሳቁና ሌላውንም አውልቀው ጣሉት። እንዲህ ሆነው፣ በባዶ እግራቸው፣ ድንጋይ በጫንቃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የእድሩን ሽማግሌዎች ከኋላ አስከትለው ወደ ሜዳዋ ገቡ።

የእማማ የሺ እናት የቡልጋ ሰው ነበሩ። በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው ለእርቅ ሲመጣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ ነው የሚመጣው። የሟች ወገን ድንጋዩን ካወረደለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው።

እማማ የሺ ከወንበራቸው ተነሱ። ማንም አልደገፋቸውም፤ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። በከዘራቸው ዋልካውን እየወጉ እሰውየው ፊት ድረስ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ገፋ አደረጉት። ሰውየውም አጎንብሰው መሬት አስቀመጡት፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

“ልጄ፣ ይሄን ያህል ዘመን ምን አቆያችሁ?” አሉ እማማ የሺ። “እኔ ለእግዜር ብዬ ይቅር ብያለሁ። እሱም ይቅር ይበላችሁ።” ከዚያ አለቀሱ። ስለማያውቁት አባት፣ በዘጠና ዓመታቸው፣ እንደ ሕፃን።

ምክትል አምባሳደሩ ግራ ገብቷቸው ወደ አስተርጓሚያቸው ዞሩ። አስተርጓሚዋ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ነገሩ ገብቷታል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እሷ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። አንዲት ቃል ብናገር፣ ወይ አሮጊቷ ይሰበራሉ ወይ ቦኖው ይሄዳል። አቶ ግርማን አየሁ። አቶ ግርማ መሬት መሬት ያያሉ።

“አመሰግናለሁ ነው የሚሉት በያቸው” አልኩ።

አለቻቸው። ሰውየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ፎቶው እጅግ ያማረ ነው ይባላል።

ከሰዓት በኋላ እማማ የሺ እድሩ ቤት ድረስ መጡ።

“አንተ ጸሐፊው፣ ያ ሰውዬ ድንጋዩን ሲያወርድ ምን አለ?”

“ብዙም አልተናገሩም፣ እማማ።”

“ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን ብሎ ይናገራል!” ብለው ራሳቸው ፈረዱለት። “በል ጻፍልኝ። ደሙ ይቅር ተብሏል ብለህ።”

አቶ ግርማ ጆሮዬ ሥር ሹክ አሉኝ። “የምን ደም ብለህ ልትጽፍ ነው? በእኛው ደብዳቤ እዚህ አገር ሰው አልተገደለም እኮ።”

እውነታቸውን ነው። ግን ጻፍኩት። እነሆ በእድራችን ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ማንም አድርጌያለሁ ያላለው፣ ተደርጓልም ያልተባለ ነገር በሙሉ ድምፅ ይቅር ተብሏል። ይህን ያደረገ ሸንጎ በዓለም ላይ ካለ ንገሩኝ። እማማ የሺ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክረው ከመፈረማቸው በፊት አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ።

“የአባቴን ስም አግብተሃል?”

“አዎ፣ እማማ።”

“የገዳዩንስ?”

“ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ” አልኩ።

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። “ሰፋ አድርገህ ተወው” አሉ፤ “የፈረንጅ ስም ረጅም ነው።”

ሰፋ አድርጌ ተውኩት።