ሊቀ ማዕድ ረዳኢና የፊት በሩ

ምሳ የት እንደሚበላ ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚያውቅ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ጅማ ብትሄዱ ይጠብቃችኋል፣ ደሴ ብትሄዱ ሻንጣችሁን ሳታወርዱ ይደርስባችኋል። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ይመልሳል። እናንተ ራሳችሁ በመረጣችሁት ቤት በልታችሁ ቢጣፍጣችሁ እንኳ ፊቱን አጨማዶ ያዝንላችኋል። ለአስመራ የደረሷት አቶ ረዳኢ ነበሩ።

አቶ ረዳኢ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ፈቅ ያለ፣ ስለ ምግብ ያን ያህል እያወቁ እንዴት እንደዚያ እንደቀጠኑ ለማንም ያልገባ ሰው ነበሩ። ከመንግሥት የተሰጣቸው ማዕረግ ስላልነበረ ምክትል ክፍል ሹሙ ንዋይ ከራሱ አውጥቶ «ሊቀ ማዕድ» አላቸው። ማዕረጉ ሳይውል ሳያድር ቢሮውን ሁሉ አዳረሰ። እሳቸውም ሲጠሩበት ደስ ይላቸው ነበር። ንዋይን በኋላ ካንገበገቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ንዋይ ከሚስቱ ከላቀች ጋር ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ለምሳ ወጥቶ ፊት ለፊት ወዳየው ምግብ ቤት ሊሻገር ሲል አንድ ቀጭን እጅ ክንዱን ያዘው።

«ኣይፋል፣ ወዲ ሓወይ። እዚያ አይደለም።»

ኣይፋል በአገሩ ቋንቋ አይሆንም ማለት ነው፤ ወዲ ሓወይ ደግሞ የወንድሜ ልጅ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንዋይ እነዚህን ቃላት ሳይሰማ የበላው ምሳ የለም።

ሊቀ ማዕድ ሕጋቸው ብዙ ነበር። ፉል የሚበላው መደበር በሚባለው የእደ ጥበብ ገበያ፣ ጽገ ከምትባል ሴት ዘንድ፣ ያውም በማለዳ ነው። ደንበኞቿ ብረት ቀጥቃጮች በመሆናቸው፣ መዶሻ ይዞ ለሚበላ ሰው ደግሞ ዘይት ስለማይሰሰት። ዓሣ የሚበላው ባቡሩ ከምጽዋ በገባበት ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ የሚበላ ሰው የሚደርስበትን እሳቸው አይጠየቁበትም። ኮምቢሽታቶ በሚሉት ዋና ጎዳና ላይ ካፑቺኖ የሚጠጣበት ቤት በቀኑ ይለያያል፤ የሚለያየውም ማሽኑ ላይ በቆመው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከሚስቱ ጋር ከተጣላ ወተቱን ያቃጥላል። ሊቀ ማዕድ የከተማውን ባልና ሚስት ጠብ ሁሉ የሚያውቁት ለዚህ ሲሉ ነበር።

አንድ እሑድ ሱዋ የሚሉትን የአገሩን ጠላ ሊያስቀምሷቸው ንዋይንና ላቀችን በእግር ዓዲ ጓዕዳድ ወደምትባል መንደር ይዘዋቸው ሄዱ። ላቀች አዲስ ጫማ ተጫምታ ነበር። ለተሚካኤል የሚባሉት ባለቤቲቱ ዋንጫውን ሲያቀርቡ ሊቀ ማዕድ ቀመሱት፣ ሰማይ ሰማይ አዩ፣ ዋንጫውን አስቀመጡ። «ዛሬ አይደለም» አሉና ባልና ሚስቱን በመጡበት መንገድ መለሷቸው። ላቀች ሳምንቱን ሙሉ በነጠላ ጫማ ከረመች።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ንዋይን የሚያሳቅቀው ሌላ ነው። ሊቀ ማዕድ ኮምቢሽታቶ አካባቢ ካሉት የጣልያን ምግብ ቤቶች በአንዱም በፊት በር ሲገቡ ታይተው አያውቁም። እንግዶቻቸውን በፊት በር አስገብተው እሳቸው በጓሮው መተላለፊያ ይዞራሉ፣ ወጥ ቤት ይገባሉ፣ የድስቱን ክዳን ሁሉ እያነሱ ያሸታሉ። ከዚያ በምግብ አዳራሹና በወጥ ቤቱ መካከል ባለው መጋረጃ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ። ራሳቸውን ከነቀነቁ ይበላል፤ ካወዛወዙ ሁሉም ተነሥቶ ይወጣል። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይ ንዋይ የሚገባበት ይጠፋዋል።

አቶ ባፈና ከአዲስ አበባ ለቁጥጥር ሲመጡ ነገሩ ከረረ። ንዋይ ክፍል ሹም ይሁን አይሁን የሚወስነው የእሳቸው ሪፖርት ነበር፤ ላቀች እንደሆነ ለእናቷ «ንዋይ ተሾመ» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። ንዋይ ምሳ ሊጋብዛቸው አሰበ። የት የሚለውን የሚጠይቀው መቼም አንድ ሰው ነው።

ሊቀ ማዕድ ሦስት ቀን አሰቡበት። በመጨረሻ ከኮምቢሽታቶ ገባ ያለችውን የአንዲት ጣልያናዊት ሲኞራ ምግብ ቤት መረጡ፣ ከአሮጊቷ ወጥ ሠሪ ከኣብርሄት ጋርም ሲመካከሩ ሰነበቱ። በምሳው ቀን ክራባት አስረው መጡ። ማንም ክራባት አስረው አይቷቸው አያውቅም። ንዋይ ግን የሚያየው ክራባቱን አልነበረም። የታየው ከመጋረጃው ብቅ የሚለው አንገት፣ ከዚያም የአቶ ባፈና ፊት ነው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሊቀ ማዕድ ወደ ጓሮ አልዞሩም። ደፉ ላይ ቆሙ። ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አቶ ባፈና ከኋላቸው ቆመው ሰዓታቸውን አዩ። ንዋይ በመካከላቸው ገባ።

«አቶ ረዳኢ በኋላ በር ካልገቡ እህል አይዋጥላቸውም» አለ ወደ እንግዳው ዞሮ እየሳቀ። «እርስዎ በለመዱት ይግቡ፣ ሊቀ ማዕድ። በፊት በር እኛ እንገባለን።»

አቶ ባፈና ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሊቀ ማዕድ ንዋይን ለአፍታ አዩት።

«እሺ፣ ጌታዬ» አሉ። ወዲ ሓወይ አላሉም። ጥጉን ዞረው ሄዱ።

እንደዚያ ያለ ምሳ ንዋይ በልቶ አያውቅም። አቶ ባፈና ላዛኛውን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ይህን ቤት እንዴት አገኘኸው ቢሉት ንዋይ ከተማውን አውቀዋለሁ ብሎ መለሰ። ጠረጴዛው ለሦስት ሰው ተሰናድቶ ስለነበር አንዱ ወንበር ባዶውን ቀረ። መጋረጃው እንዳይከፈት ሲጸልይ የከረመው ሰው አሁን ዓይኑን ከመጋረጃው መንቀል አቃተው። ፍራፍሬው ሲቀርብ ሰበብ ፈጥሮ ተነሣና ወደ ወጥ ቤት ገባ።

ኣብርሄት ሳህን ታደርቅ ነበር። ረዳኢ የሉም፤ በአንዱ በር ገብተው በሌላው ወጥተዋል። ቀና ብላም ሳታየው ነገረችው። በጣልያን ጊዜ ለሐበሻ በዚህ ሰፈር ምግብ ቤት መቀመጥ ክልክል ነበር፤ ረዳኢ ያን ጊዜ ልጅ እግር ሆነው በዚችው ወጥ ቤት ሳህን አጣቢ ነበሩ። ጣልያን ተሸንፎ ተፈቅዷል የተባለ ሰሞን ኮት ተውሰው በፊት በር ገቡ። የሲኞራዋ ሟች ባል በሰው ሁሉ ፊት አንገታቸውን አንቆ አስፋልት ላይ ጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ያንንም ሆነ የሌላ ጣልያን ቤት የፊት በር ረግጠው አያውቁም።

«ክራባቱን ያሰረው ዛሬ ጠዋት እዚህ መስታወት ፊት ቆሞ ነው» አለች። «ዛሬ ከአለቃዬ ጋር በፊት በር ነው የምገባው አለኝ። እኔም ሲገባ እንዳየው መጋረጃውን ከፍቼ ቆሜ ነበር።»

ንዋይ አፈረ። ከዚያ በፊትም አፍሮ ያውቃል፤ ግን ሁልጊዜ በሰው ምክንያት ነበር፣ ይኼኛው ግን የራሱ ነው። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የአቶ ባፈናን ጨዋታ እየሰማ ሳቀ፤ ሳቁም ራሱን አስጠላው።

ሹመቱ በወሩ መጣ። ንዋይ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቅ መዝገብ ቤት ወረደ፤ ሦስቱንም ጊዜ አቶ ረዳኢ ገና ሲያዩት ብድግ ብለው ለአለቃ እንደሚቆም ቆሙ፣ ንዋይም የማያስፈልገውን መዝገብ ጠይቆ ተመለሰ። በአራተኛው ሌላ ዘዴ መጣለት።

«ዛሬ ምሳ የት ይሻለኛል?» አላቸው።

«ሁሉም ጥሩ ነው፣ ጌታዬ።»

ስለ አንድ ቤት እንኳ ጥሩ ነው ለማለት ሦስት ቀን የሚፈጅባቸው ሰው! ንዋይ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ባቡር ባልገባበት ቀን ዓሣ በላ፣ የተቃጠለ ወተት ጠጣ፤ የሚከለክለው አልነበረም። ላቀች ሽማግሌው ለምን ጠፉ እያለች ብትወተውተው አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገራት። እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች፤ ምሳውንም አነሣችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ንዋይ ወደ ሲኞራዋ ቤት ሄደ። በፊት በሩ አጠገብ አልፎ በጓሮው መተላለፊያ ዞረ። የወጥ ቤቱ በር ዝቅተኛ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ገባ። አቶ ረዳኢ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሊነሡ ቃጡ።

«አይነሡ፣ ኣቦይ ረዳኢ» አለ። የአገሩ ሰው አባቴ የሚለው እንዲህ ነው፤ ንዋይ ብሎት አያውቅም ነበር። «ነውር ሠርቻለሁ። በዚያ በር የምገባው እርስዎ በገቡ ቀን ነው። እስከዚያው በዚህኛው ነው።»

ኣብርሄት ሳህኑን ይዛ ቀጥ አለች። ንዋይ እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ ወደ እሷ ዞሮ ላዛኛ ስጪኝ አላት።

አቶ ረዳኢ የጎረሱትን አላምጠው ዋጡ። አፋቸውን ጠረጉ።

«ኣይፋል» አሉ።

ንዋይ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ። ቀጭኑ እጅ ክንዱን ያዘው።

«ኣይፋል፣ ወዲ ሓወይ። ላዛኛው የትናንት ነው። ቁጭ በል።»