የሩቁ ባሕር ቀንድ አውጣ

የሩቁን አውቆ የቅርቡን የማይጠይቅ ምሁር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋምቤላ አብሬው አስተምራለሁ። የባዮሎጂ መምህሩ ዘለቀ፣ በቀዝቃዛ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ኮራል ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ቀንድ አውጣ ሳምንት ሙሉ አስተማረ። ጋምቤላ ባሕር እንደሌላት ማን ይንገረው?

ተማሪዋ አሪየት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ ወንዝ ያለውስ? በሽታ ያመጣል ይላሉ። እኔም ሆዴን ያመኛል።»

«እሱ ፈተና ላይ አይወጣም፤ ተቀመጪ!»

ክፍሉ ሳቀ፤ ተቀመጠች።

ከወራት በኋላ ደም አስመልሷት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ፣ «ከወንዝ ቀንድ አውጣ የሚመጣው ቢልሃርዚያ ነው፤ ጉበቷን ጎድቶታል። ምነው ቀድማ በመጣች!» አለን። አልተረፈችም።

ለቅሶው ላይ አባቷ ዘለቀን ከጎኑ አስቀመጠው።

«ቲቸር፣ አንተ ተምረሃል። ልጄን ምን ገደላት?»

ዘለቀ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አቀርቅሮ አለቀሰ።