መንገድ የሌለበት ሳምንት

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመዱ መሀል ትክክለኛውን የሕይወት መንገድ ልክ ዛሬ ጠዋት ያገኘ አንድ ሰው አይጠፋም። ትናንት ጠዋትም አግኝቶ ነበር። እኛ ዘንድ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በምንሠራባት ጠባብ ክፍል፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩት ባልደረባዬ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ክቡር መንገደኛ» ነበር የምንላቸው።

ክቡርነታቸው በስድስት ዓመት ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ዘጠኝ መንገድ ጀምረዋል። ሰኞ ሰኞ አለመናገር የሚባል ነበር፤ ስብሰባችንም ሰኞ ስለሚውል አለቃችን ለሚጠይቋቸው ሁሉ በጥቅሻ ይመልሱ ነበር። ከዚያ ነፍሳትን አለመግደል መጣ፤ ጉንዳን ሰም ማቅለጫችንን ሲወርረው፣ ክቡርነታቸው አንድ በአንድ በወረቀት እያነሱ ወደ መስኮት ያመላልሳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚቀመጡበት ወቅትም ነበር። ምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው «ራሴን» አሉኝ። ግድግዳውን እርጥበት በልቶታል።

የሚያበግነው ታዲያ ስብከቱ ነው። አዲስ በጀመሩ ቁጥር «አሁንስ በእውነት አገኘሁት» ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ ይስባሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መውጫ ሰዓት መድረሻ ያሳጡኛል። የመጨረሻው መንገድ አለመዋሸት ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አማረብኝ ወይ ብትላቸው፣ እውነቱን ነገሯት። አለቀሰች። ሰው የሚያስለቅስ መንገድ ምን ያደርግልኛል ብለው እሱንም ተዉት።

ከዚህ በኋላ ክቡርነታቸው ማለቱን ልተወው፤ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት የአፍ ልክ፣ በጀሶ የተወሰዱ፣ መስኮት ላይ እየደረቁ ነበር። አንዱ የአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሌላው የአንድ ሽማግሌ። ጠረጴዛ ስጠርግ የስማቸው ወረቀት ረገፈብኝና በግምት መልሼ ለጠፍኩት። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ሳይወስዱ ሞቱ። አስተማሪዋ ድዳቸው ቆስሎ ሁለቴ ተመላለሱ፤ ሁለቴም ትንሽ ሞርጄ «ይለመዳል፣ እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ፣ መብላት አቅቷቸው ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። ልቤ ፈራ። መሳቢያ ከፍቼ የሟቹን ጥርስ ሳየው የሴት አፍ ልክ ነው፣ ትንሽዬ። መልሼ ዘጋሁት። አለቃችን ከወር በፊት አንድ ስህተት ብትደግም እንለያያለን ብለውኛል፤ ቤቴ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉ።

ባልደረባዬ ሁሉንም አይቷል።

«ምን ይላል መንገድህ?» አልኩት፣ እንደ ማሾፍ ብዬ።

«በዚህ ሳምንት መንገድ የለኝም» አለኝ።

መጽሐፍ አልገለጠም፣ ማንንም አላማከረም። ጥርሱን አውጥቶ አጠበውና ይዞት ወጣ። አስተማሪዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን፣ የሌላ ሰው ጥርስ እንደሰጠናቸው ሲነግራቸው በሩ ስር ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ አለቃችን ቢሮ ገባና «ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» አለ። በዚያው ቀን ተሰናበተ። እኔ ጠረጴዛዬን እጠርግ ነበር።

ባለፈው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ሥራ አላገኘም፤ ከስቷል። እንዴት እንደናፈቀኝ! አሥረኛውን መንገድ እስኪበቃኝ ይስበከኝ ብዬ «እሺ፣ አሁንስ አገኘኸው?» አልኩት።

«ኧረ የት አባቴ» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «አለቃ ፊት የዋሸኋት ያቺ ውሸት እንቅልፍ ነስታኛለች። በየትኛው አፌ ነው ሌላ የምጀምረው?»

ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል የነበረው እሱ ነው፣ ይታያችሁ። አውቶቡሱ መጣና ተለያየን።

ያቺን ውሸት ከላዩ ላይ ላነሳለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ወንበሩ እስካሁን ከጎኔ ባዶውን ተቀምጧል። ጉንዳኑ እንደ ልቡ ሰም ማቅለጫው ላይ ይርመሰመሳል፤ እንደ እሱ በወረቀት እያነሳሁ ወደ መስኮት እወስደዋለሁ። ነገ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ።

እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው።