የአጋሮ ገበያ ጥናት ላይ ነው

ጥናት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መልስ ለመፈለግ ይጠናል፤ ሌላው አስቀድሞ የተገኘውን መልስ ካባ ለማልበስ። በጃንሆይ ዘመን ጅማ ላይ የመንግሥት ጥናት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። ቢሮ ስትገቡ ግን ታገኙታላችሁ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ሰው በአጋሮ ሲያልፉ መኪናቸው ገበያው መሀል ተገተረች። ከፊት ቡና የጫኑ በቅሎዎች፣ ከኋላ ቅመምና ቅቤ የያዙ ሴቶች። አንዷ በቅሎማ፣ ባለሥልጣን የት ታውቃለች፣ መስተዋቱን ላሰችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ደረሰን፦ «ገበያው ከከተማ ወጥቶ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ ስለሚዛወርበት ሁኔታ ይጠና።» ልብ በሉ፣ «ይዛወር ወይ?» አይልም።

አለቃዬ አቶ ታፈሰ፣ ዝናብም ቢመጣ እርምጃቸውን የማያፈጥኑ ሰው፣ ወደ አጋሮ ላኩኝ።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ገበያው አኩርፎ ጠበቀኝ። አባ ዝናብ የሚባሉ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ሜዳውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወረዱ። ክረምት ነበር። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ ብቻውን ወጣ። አባ ዝናብ አልሳቁም። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ በቅሎ ቆሞ ይሸጣል ወይስ ሰምጦ?» አሉኝ። ከመንዝ መጥተው ቅመም በመሸጥ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉት ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ልትጠይቀን ነው የመጣኸው ወይስ ልትነግረን?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ከጭቃው የጎተትኩትን ጫማዬን ጠረግሁ።

ጅማ ተመልሼ ያየሁትን ጻፍኩ፦ ገበያው ከሚነሳ መንገዱ ቢሰፋ ይሻላል። አቶ ታፈሰ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ከተላከ ከገበያው በፊት የምንዛወረው እኔና አንተ ነን።»

«ታዲያ ውሸት ልጻፍ?» አልኩ፤ ወጣትነት ደፋር ነው።

«ማን ውሸት ጻፍ አለህ? መንግሥት እንቢ ሲሉት ይቆጣል፤ ‹እያጠናን ነው› ሲሉት ግን ያመሰግናል። የክረምቱን አይተሃል። በጋውንስ?»

እውነታቸውን ነው፣ በጋውን አላየሁም! «የክረምቱ ተጠንቷል፤ የበጋው ይቀራል» ብለን ላክን። በጋውን ሳጠና የቡና ለቀማው ወራት ቀረ፤ ለቀማው ሲጠና የጾሙና የረመዳኑ ገበያ። አዲስ አበባ ስለ ጥናታችን ጥልቀት ምስጋና ጻፈ። ከመሞት መሰንበት ይላል የአገሬ ሰው፤ ገበያውም ሰነበተ። እኔም በዚያው ባላለቀ ጥናት እድገት አገኘሁ፤ ኋላም ጥናት የሚያጓትቱ ሠራተኞችን እንድቆጣጠር ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ።

ልሰናበት አጋሮ ስሄድ አባ ዝናብ ደነገጡ። «ጥናቱ አለቀ እንዴ?»

«ኧረ አላለቀም! ለሚተካኝ ሰው አስረክቤዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘነበች እፎይ ብለው ያልጠየቅሁትን ኮረሪማ በወረቀት ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። አባ ዝናብም መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አላህ እሱንም አያስጨርሰው!»

ገበያው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔም፣ የመንግሥት ደመወዝተኛው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አሜን አልኩ።