የሮቢ ገመድ ጠባቂ

[ጣሊያን በያዘበት ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት፣ የሮቢ ወንዝ ዳር። ተስቦ ገብቷል ተብሎ መሻገሪያው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ማንም እንዳይሻገር፣ ሰው እንዳይሰበሰብ ካፒታኖው፣ የጣሊያኑ ሹም፣ አዟል። ገመዱን የሚጠብቀው የካፒታኖው ዘበኛ ሷሊሕ ነው። ቆብ ከተሰጠው ወዲህ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ፊቱ የቆሙት ገበሬው አብዱልሀኪም ግን፣ በእሱ ግምት፣ ደጋግመው ካልነገሯቸው የማይገባቸው ሰው ናቸው።]

ሷሊሕ፦ አይሆንም አልኩ እኮ ጋሼ! ሰርግ የለም!

አብዱልሀኪም፦ ሰርግ መቼ አልኩ? ልጄን ፋዲላን ልዳር ነው ያልኩት።

ሷሊሕ፦ ታዲያ እሱ ሰርግ አይደለም?

አብዱልሀኪም፦ እኔ እንጃ። አዋቂው አንተ ነህ።

ሷሊሕ፦ [ቆቡን እያቃና] ነኝ እንጂ! ሰርግ ማለት ሕዝብ ነው። ሕዝብ ባለበት ተስቦ አለ። ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል።

አብዱልሀኪም፦ ያ ረቢ! እግር አለው?

ሷሊሕ፦ የለውም! ግን ይዘላል።

አብዱልሀኪም፦ ትናንት ለባንዲራው እጃችሁን አንሡ ብላችሁ አገሩን ሁሉ ሜዳ ላይ ስታቆሙን ታዲያ የት ሄዶ ነበር?

ሷሊሕ፦ እ... መንግሥት ሲሰበስብ ሌላ ነው።

አብዱልሀኪም፦ ይፈራል?

ሷሊሕ፦ ማን?

አብዱልሀኪም፦ ተስቦው። ካፒታኖውን ይፈራል ወይ?

ሷሊሕ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያሳስራል!

አብዱልሀኪም፦ እሺ፣ ተውኩት። [አሰብ አድርገው] ነገ ወደ ደብረ ሲና ለመንገድ ሥራ የምትወስዷቸው ልጆችስ? አንድ ድንኳን ውስጥ እንደ በግ ነው አሉ የሚታጎሩት።

ሷሊሕ፦ እነሱ ይሠራሉ። የሚሠራ ሰው ለተስቦ ጊዜ የለውም።

አብዱልሀኪም፦ ነጅሙዲንም ይወሰዳል? የፋዲላ እጮኛ?

ሷሊሕ፦ ያላገባ ሁሉ ይወሰዳል። ባለትዳር ይቀራል። ትእዛዝ ነው።

አብዱልሀኪም፦ እኔም ዛሬ ልድራት ያልኩት ለዚህ እኮ ነው! ልጁ እዚያ ሄዶ ቢሞትስ?

ሷሊሕ፦ ቢሞት አላህ ይዘንለት። ገመዱን ግን አያልፍም።

[ከወንዙ ማዶ ነጅሙዲንና አጎቱ ሙሳ ብቅ ይላሉ። ነጅሙዲን እጁን ያወዛውዛል።]

አብዱልሀኪም፦ ይኸው መጣ። ካለንበት ሆነን ብናወራስ? እሱም ይከለከላል?

ሷሊሕ፦ [ራሱን ያካል። ስለ ማውራት የተሰጠው ትእዛዝ የለም፤ ግን ይህን ለገበሬ አይናገርም።] ማውራት ይቻላል። ግን ጮክ ተብሎ! እኔ ያልሰማሁት ቃል ይህን ወንዝ አይሻገርም። ከሽፍቶች ጋር እንዳትመካከሩ እያንዳንዷን ማዳመጥ ሥራዬ ነው።

አብዱልሀኪም፦ አንዲትም አታመልጥህ?

ሷሊሕ፦ አንዲትም!

አብዱልሀኪም፦ እንግዲያስ ጠጋ በል። [ወደ ማዶ እየጮኹ] ነጅሙዲን! ቢስሚላህ! ልጄን ፋዲላን፣ እሷም ፈቅዳ፣ በአንዲት ጊደር መህር ድሬልሃለሁ!

ሷሊሕ፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] ወይ ጋሼ! በጩኸት ሊድሩ ነው? ከበሮ የለ፣ ድግስ የለ፣ ሰው የለ!

[ከማዶ የነጅሙዲን ድምፅ ይመጣል።]

አብዱልሀኪም፦ ምን አለ? ጆሮዬ ደክሟል።

ሷሊሕ፦ «ኒካዋን ተቀብያለሁ» ነው የሚለው።

አብዱልሀኪም፦ «አልቀበልም» እንዳይሆን ብቻ።

ሷሊሕ፦ የኔን ጆሮ ይጠራጠራሉ? እርስዎ «ድሬልሃለሁ» አሉ፣ እሱ «ተቀብያለሁ» አለ! ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ወላሂ!

አብዱልሀኪም፦ አልሐምዱሊላህ። [ወደ ማዶ] ሙሳ! አንተም ሰማህ? [ሙሳ እጁን ያነሳል።] በቃ፣ አለቀ።

ሷሊሕ፦ ምኑ?

አብዱልሀኪም፦ ኒካው። ሰጪ እኔ፣ ተቀባይ እሱ፣ ምስክር ሙሳና አንተ። ከበሮና ድግሱን አንተ ጨመርከው እንጂ ሸሪዓው የት ጠየቀ?

ሷሊሕ፦ [ሳቁ ደርቆ] እኔ? ምስክር? በራሴ ገመድ ላይ? አሁኑኑ ለካፒታኖው እናገራለሁ!

አብዱልሀኪም፦ አደራህን ንገርልኝ! ነገ ነጅሙዲን «ሚስት አለኝ» ቢል ማን ያምነዋል? የኛን ምስክር ካፒታኖው አይቀበልም። የራሱን ዘበኛ ግን ያምናል። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የመታኝ አንተን ፈልጌ እኮ ነው።

ሷሊሕ፦ ሰው ሰብስበው ዳሩ እላለሁ!

አብዱልሀኪም፦ ማንን ሰበሰብኩ? እኔን የሰበሰብከኝ አንተ፣ አንተን የሰበሰበህ ካፒታኖው።

ሷሊሕ፦ እንግዲያው ምንም አልሰማሁም እላለሁ!

አብዱልሀኪም፦ «ወላሂ» ብለህ ከማልክ በኋላ? እሺ በል። ካፒታኖውም «ሳትሰማ ምን ልትጠብቅ ቆምክ?» ይልሃል። [ፊቱን እያዩት] ለመሆኑ አንተስ አግብተሃል?

ሷሊሕ፦ እኔ ዘበኛ ነኝ!

አብዱልሀኪም፦ እሱን ሳይሆን ሚስት አለችህ ወይ ነው ያልኩት። «ያላገባ ሁሉ» ስትል ስለ ዘበኛ የተለየ ነገር አልሰማሁም።

[ሷሊሕ ወደ ደብረ ሲና ተራራ ያያል፣ ልጆቹ የሚታጎሩበት ድንኳንም በሐሳቡ ይታየዋል። ቆቡን ያወልቃል።]

ሷሊሕ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጋሼ... ፋዲላ ታናሽ እህት የላትም?

አብዱልሀኪም፦ [ለመሄድ እየተነሡ] አለቻት። ግን የሰው ወሬ የሚያዳምጥ ባል አትወድም።