አስያን ለቃለ መጠይቅ ሳዘጋጅ

ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ከራሱ የተሻለ ሰው መስሎ ነው የሚወጣው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጫማችሁን ወልውላችሁ፣ ፊታችሁን አብርታችሁ፣ ሰምታችሁት የማታውቁትን ሥራ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትመኙት እንደኖራችሁ ምላችኋል። እኔ በሰው አገር ሠላሳ አምስት ዓመት ስኖር አሥራ አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሬ አሥራ አንድ ጊዜ "እንደውልልሻለን" ተብያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ዋሸሁ። ጡረታ እስክወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ኖርኩ፤ መጻሕፍቱንም አንብቤ ጨረስኩ፣ ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ የተጻፉትን ጨምሮ።

ስለዚህ ወደ አዋሽ ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤቴ አስያ ሰመራ ያለ አንድ የልብስ ሱቅ ለሻጭነት ሲጠራት፣ ከእኔ የተሻለ አሠልጣኝ ከየት ይመጣል ብዬ ተነሣሁ። አስያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች የአፋር ልጅ ናት። ሥራውን ካገኘች ሰመራ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ኮሌጅ ትገባለች። ካላገኘች ደግሞ አፋምቦ የሚኖር የእናቷ ወንድም ልጅ አለ፤ ባሏ እንደሚሆን ሁሉም የተስማማበት፣ እሷ ብቻ ያልተስማማችበት። አባቷ "ሥራ ካገኘሽ እታገሣለሁ" ብሏል። የአባት ትዕግሥት ሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ብታዩ እናንተስ ዝም ትሉ ነበር? ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋት።

"ድክመትሽ ምንድን ነው ሲሉሽ፣ ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ትያለሽ።"

"እኔ እኮ ይወስደኛል፣ እማማ።"

"ይውሰድሽ። አትንገሪያቸው። ይህን ሱቅ ለምን መረጥሽው ሲሉሽስ?"

"ሌላ ስላልጠራኝ።"

"የልብሶቹ ጥራት ስለማረከኝ፣ በይ።"

"አይቻቸው አላውቅም።"

መስታወት ፊት አቁሜ ፈገግታ አለማመድኳት። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብላት፣ ንጉሥ ከሆነ ዋጋ ለምን ይከራከራል አለችኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም። እኔ በምክሬ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም፤ የሚሰሙኝ ናቸው ቀድመው የሚቆርጡት።

ቀኑ ሲደርስ አብሬያት ሄድኩ። ገዋኔ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አስያ ወርዳ ወተት ከሚሸጡ ሴቶች ጋር ቁጭ አለች። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል፣ ይነገረዋልም። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲያምባርቀው ቆይቶ ነው የተመለሰችው። ይህን ጊዜ ያስጠናኋትን ብትከልስበት ምን ነበረበት፣ አልኩ በሆዴ።

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ከወሎ መጥተው ሰመራ ላይ የሸበቱ ነጋዴ ናቸው። አስያ እኔን አስከትላ ገብታ ልክ እንዳለማመድኳት ፈገግ አለች። እሳቸው አፋርነቷን አዩና፣ "ከአዋሽ ነሽ? እስቲ ዳጉ ምን አለ?" አሏት። ለወጉ ነው፤ እኛ እንዴት ዋላችሁ እንደምንለው። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከአዋሽ ጀመረች። የዘነበበትንና ያልዘነበበትን፣ ሚሌ አጠገብ የተገለበጠውን ከባድ መኪና፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቀጥላም፣ "ገዋኔ ያሉ ሴቶች ደግሞ፣ ከእርስዎ የገዛነው ሽቲ ቀሚስ ሲያልበን ቀለሙ ገላችን ላይ ይቀራል ይላሉ" አለች።

ክንዷን ቆነጠጥኳት።

"ቀዩ ነው። አረንጓዴውም። ቢጫው ደህና ነው" ብላ ጨመረች።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። አፋምቦ ታየኝ፤ ሰርጉ፣ ድንኳኑ፣ የአባቷ ደስታ ሳይቀር።

ሐጂ ከመደርደሪያው አንድ ቀይ ሽቲ አወረዱ፣ ጫፉን ከሚጠጡት ውኃ ነከሩና መዳፋቸው ላይ አሹት። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ሂና የተቀባ የሙሽራ እጅ መስሏል።

"ሁለት ሻጮች ነበሩኝ" አሉ። "ገበያው ምን ነካው ስላቸው፣ ሙቀቱ ነው ሐጂ ይሉኛል። ሰመራ መቼ በርዶ ያውቅና ነው፣ ወላሂ።"

አስያ ፈተናው ገና ያላለቀ መስሏት እኔን አየት አደረገችና ወደ ሐጂ ዞረች። "እማማ ድክመቴንም አስጠንተውኛል። ልንገርዎት?"

"ተይው፣ ልጄ" አሉ ሐጂ እኔን በዓይናቸው እየገላመጡ። "ኢንሻአላህ ሰኞ ግቢ።"

ከሁለት ወር በኋላ ለዘመድ ሰርግ ቀሚስ ልገዛ ሄድኩ። ሱቁ በሴቶች ተጨናንቋል፤ ሁሉም አስያን ነው የሚጠይቀው። ሐምራዊ ቀሚስ ለብሼ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አልኩ። ለራሴ ወደድኩት።

"ቀለሙ አይለቅም፣ እማማ" አለች አስያ። "ግን ያስረጅዎታል።"

"ከዚህ በላይ?"

"አምስት ዓመት ይሆናል።"

ሌላ አስመረጥኳት። ለነገሩ ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጥኩት ቀሚስ አጥቼ አልነበረም፤ "አምሮብዎታል" የሚለኝ ፈልጌ ነው። እንዲህ የሚለኝ እንኳ አዋሽም ሞልቷል፤ ለእሱ ሲባል ሰመራ ድረስ አይመጣም።